በበዓል የሚዘጋው በር

እናቴ ስትደውል ወሬውን በተራ ነው የምታስገባው፤ ትንሹን ታስቀድምና ትልቁን ካርዷ ሊያልቅ ሲል ትወረውረዋለች። ያን ቀንም ገብሱን ውርጭ እንደመታው ነገረችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ላይ ወጥ እንዳነሰና ሰው እንዴት እንዳማ ነገረችኝ። አንዷ በጋችን መንታ ወልዳ አንዱን አላጠባም እንዳለች ነገረችኝ። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣

«ደግሞ ያ ሰውዬሽ አረፈ» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?»

«አውላቸው ነዋ። ማርያም ናት እያለ ኮምፒውተር የሚዘጋው።»

«መቼ?»

«ተቀብሮ ሳምንቱ።»

«እና አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«ምን ልታደርጊ? መጥተሽ ታስነሺው ነበር?»

ስልኩ ተቋረጠ። ካርዷ አልቆ ይሁን ወሬዋን ጨርሳ፣ አላውቅም።

እኔ ቶሎ የሚያለቅስ ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ፣ የምሠራበት ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ኮምፒውተሬ ላይ የፕሮጀክታችንን የለውጥ መዝገብ ከፈትኩና በስማቸው ፈለግሁ። የመጨረሻ ሥራቸው ከሦስት ሳምንት በፊት የገባ ነው፤ አንዲት ቃል አርመዋል። ለአንዲቷ ቃል አምስት መስመር ምክንያት ጽፈዋል። አምስተኛው መስመር፣ «ይህን ቃል ከዚህ ቀደም ያጣመመው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይፈለግ» ይላል። ከት ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ምን አገኘሽ?» አለኝ። «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኩት። ወንበሩን ራቅ አደረገ።

ጋሽ አውላቸው መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው አጭር ናቸው፤ የሱፍ ባርኖሳቸው ደግሞ ረጅም ነው፤ ከኋላ ላያቸው ባርኖሱ ብቻውን ገበያ የወጣ ነው የሚመስለው። በደርግ ጊዜ ስታትስቲክስ እንዲማሩ ቡልጋሪያ ተልከው፣ ኮምፒውተር አንድ ቤት ሙሉ በነበረበት ዘመን ኮምፒውተር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤታቸው ግምገማ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ተገመገሙና በአራተኛው ቀን ዕቃቸውን ጭነው ወደ አገራቸው ወደ መንዝ ተመለሱ። ስለዚያ ነገር የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ወንበሩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የቂጥህ ነው አሉኝ።»

እኔ እሳቸው ዘንድ የገባሁት የአሥረኛ ክፍል ነጥቤ ለመሰናዶ አልበቃ ሲል ነው። ሁለት ወር ታይፕ ተምሬ ወደ አንዱ ከተማ ልጠፋ ነበር ሐሳቤ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እናቴ «አንቺን ቁንጫ ናት እንዴ የወለደችሽ?» ትለኛለች፤ የወለደችኝ እሷ መሆኗን ረስታ።

ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ፣ ነጠላ የለበሰ ሁለተኛ ኮምፒውተር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነጠላውን ገልጬ አየሁት፤ ይኼ ነው ያስቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአገሩ የተበተኑ፣ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች በነጻ የሚሠሩት አንድ ትልቅ የጽሕፈት ፕሮግራም አለ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። የአማርኛው ክፍል፣ ማለትም ትእዛዞቹ፣ መዝገበ ቃላቱ፣ የቀን መቁጠሪያው፣ የራሱ የኮድ ጎተራ አለው። የጎተራው በር ጠባቂ ደግሞ ጋሽ አውላቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ኢንጂነር የጻፈው መስመር፣ መሐል ሜዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተነብቦ «ይለፍ» ካልተባለ አይገባም። ይኼን ሳውቅ ደስታዬን አልችለው አልኩ። እኛን ፎርም አልሞላችሁም እያሉ የሚመልሱን ሰዎች እዚህ ሲመለሱ ማየት!

ጎተራው የገባበትን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማን ለወጠ፣ መቼ ለወጠ፣ ምን ለወጠ፣ ለምን። አዲስ ለውጥ በገባ ቁጥር ማሽኑ ፕሮግራሙን ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ይገነባዋል፤ ቢልድ እንለዋለን። ከተሳካ አረንጓዴ ይበራል፤ ከፈረሰ ቀይ።

«ምክንያት ያልተጻፈበት ለውጥ ጆሮው ላይ ምልክት የሌለው በግ ነው» ይሉ ነበር። «የሰረቀውም የኔ ነው ይላል፣ የጠፋበትም የኔ ነው ይላል፣ በጉ ደግሞ አይናገርም።»

የመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት የተንሻፈፈች ትእዛዝ ማቃናት ነበር። አቃናሁና ምክንያት በሚለው ቦታ «አስተካከልኩት» ብዬ ጻፍኩ። መለሱብኝ። በአፋቸው አይደለም፤ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው በማሽኑ መለሱብኝ።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ እኮ! በአፍዎ አይነግሩኝም?»

«በአፍ የተነገረ መዝገብ ላይ አይገኝም።»

«እሺ ምን ጎደለው?»

«ምን ተጣሞ ነበር? መጣመሙን በምን አወቅሽ? አሁንስ መቅናቱን በምን አወቅሽ?»

«በቃ ያስታውቃላ!»

«ለማን?»

ሰባት ጊዜ መለሱብኝ። በስድስተኛው ላይ «ቡልጋሪያ የሆነ ነገርዎን አበላሽታ ነው የላከችዎት» አልኳቸው። «የት የት ጋ እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ» አሉኝ። በሰባተኛው አለፈልኝ። መዝገቡን ሳየው ግን የሠራው ሰው ስም «አውላቸው» ይላል፤ ምክንያቱም የምሠራው በእሳቸው ቁልፍ ነበር። ቁልፍ የምንለው የይለፍ ቃሉን ነው። የራሴን ስም ላስመዘግብ ስላቸው «ሲደርስሽ» አሉኝ። «መቼ ነው የሚደርሰኝ?» «የሚደርስሽ ጊዜ።» ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሁሉ በእሳቸው ስም ገባ። እኔ ደግሞ አፈ ጮሌ ነኝ እንጂ ሰነፍ አይደለሁም፤ ብዙ ሠርቻለሁ።

አንድ ነገር አልደብቅም፤ ሰው ማዋረድ አያውቁም ነበር። አንድ ቀን «የሄኖክን ሥራ ገመገሙት?» ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተቀየረ። «ግምገማ አትበይብኝ። ግምገማ ሰው ላይ ነው። እኔ የማነበው ሥራውን ነው። ሥራው ቢበላሽ ሰውዬው ደህና ያድራል።» ሄኖክ አዲስ አበባ ያለው የቡድኑ ሰው ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ችኩል ነው፤ በሩን ደግሞ አብሯቸው የመክፈት ሥልጣን ነበረው። ጠዋት ማታ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ከተማ የአገር በር አይጠበቅም።» እሳቸውም «መብራት ሲጠፋ ሰው ያስባል» ይሉታል።

አሁን በበዓል በሩን ወደሚዘጋው መቆለፊያ ልምጣ።

እኔ ሳልመጣ በፊት ነው፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ የመድኃኔዓለም ዕለት ጠላውን እስኪጠግብ ጠጥቶ ቤቱ ይገባና ያልተጠየቀውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎተራው ይደፋዋል። ቢልዱ ለአንድ ሳምንት ቀይ ሆኖ ከረመ። ጋሽ አውላቸው ተቀምጠው አጭር ፕሮግራም ጻፉ፤ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለ ወልድ፣ በእነዚህ ቀናት በሩ ምንም ለውጥ አይቀበልም። ለሚልክ ሰው አንድ መስመር ይመልስለታል፦ «ዛሬ በዓል ነው፤ ነገ ተመለሱ።» አንድ ጀርመናዊ ይኼ ምን ዓይነት ብልሽት ነው ብሎ ጻፈልን። ጋሼ የበዓላቱን ዝርዝር ላኩለት። ከዚያ በኋላ ሰውየው ደብዳቤውን «መልካም ሚካኤል» ብሎ መዝጋት ለመደ፤ ያውም ቀኑን ሳይስት።

እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ሰው እንዳይመስላችሁ። በበዓልም ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ጎረቤታችን ቄሱ በር ላይ ቆመው «አውላቸው፣ ከአንተስ ኮምፒውተርህ ሃይማኖት አላት» ይሏቸው ነበር። «እሷ ስለማትጠጣ ነው አባ» ይመልሳሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ትልቁ ፕሮጀክት አዲሱን እትም ሊያወጣ ቀን ቆረጠ። በዚያን ቀን፣ በነጮቹ እኩለ ሌሊት፣ ከየቋንቋው ጎተራ የተገኘውን ወስዶ ይዘጋል። አማርኛ ባለፉት ሁለት እትሞች ቀይ ሆኖ ስለተገኘ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልናል፤ በሦስተኛው ቀይ ከሆነ ከዝርዝሩ ይወጣል። እኔ ያንን የጽሕፈት ፕሮግራም ከፍታ በአማርኛ «አዲስ ሰነድ» የሚል ቃል የምታነብ አንዲት ልጅ፣ እንደ እኔ ያለች፣ አንድ ቦታ አለች ብዬ አስባለሁ። እሷን ነበር የምናጣው።

ቀኑ ደረሰ። ጥር ሃያ አንድ፤ አስተርእዮ ማርያም።

እናቴ «በዚህ ቀን ሥራ ገብተሽ መብረቅ ይምታሽ» ብላ መረቀችኝ፤ ሄድኩ። ጋሼ ከማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ቢልዱ ቀይ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሄኖክ ደወለ። የአዲስ አበባዎቹን ሁሉ ስልኩ ዙሪያ ሰብስቧቸዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ጋሼ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ «አውጫጭኝ ተቀምጠናል» አሉ።

ከከተሜዎቹ አንዱ «ምን ተቀምጠናል?» አለ።

«በእኛ አገር በግ ከጠፋ፣ ክምር ከተቃጠለ፣ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም፤ ከብቱ ቢራብ ይራብ፣ ልጁ ቢያለቅስ ያልቅስ። ስልኩን የዘጋ እሱ ነው ጥፋተኛው።»

ማንም አልዘጋም። የሳምንቱን ለውጦች በተራ አቆሟቸው። ከዚያ እንደ በግ ከሁለት ከፈሏቸው። እስከ መካከል ያለው ለብቻው ይገነባል? ተገነባ፤ አረንጓዴ። እንግዲህ ጥፋቱ ከወዲያኛው ግማሽ ነው። ያንንም ከሁለት ከፈሉ። እያንዳንዱ ሙከራ በእኛ አሮጌ ማሽን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ በየመሐሉ ከውጭ ታቦት የሸኘው ሰው እልልታ ይሰማል፣ ከስልኩ ሄኖክ ጥፍሩን ሲበላ ይሰማል። በጎቹ እያነሱ፣ እያነሱ መጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ቀረች።

የቀን መቁጠሪያው ሠንጠረዥ ናት። ሳያት አወቅኋት።

አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ደመወዙን የሚቀበለው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ጳጉሜን ወር ሆና አታውቅም፤ የነሐሴ ጅራት ናት፣ ምንም የሌለበት ጅራት። ሠንጠረዡን ስሞላ አንድ ረድፍ ትርፍ መሰለኝ። አምስቱን ቀን ነሐሴ ላይ ጨመርኩና ወሮቹን አሥራ ሁለት አደረግሁ። እንዲያውም ያጸዳሁ መስሎኝ ተኩራርቻለሁ። ጋሼ ያን ቀን ሞላሌ ለቅሶ ሊደርሱ ሲቻኮሉ አንድ ጊዜ አየት አድርገው አሳለፉት። ስለዚህ ማሽኑ ጳጉሜን ሦስት የተወለደውን ሰው «ነሐሴ ሠላሳ ሦስት ተወለደ» እያለ ነው። እንኳን ቀይ፣ ሌላ ቀለም ቢኖረው ያወጣ ነበር።

«ስሙን አንብቡልን» አለ ሄኖክ።

«አውላቸው ይላል» አሉ ጋሼ።

ከዚያ ሄኖክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ… ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ይኼ ነው ስል የነበረው። በሩ ወደዚህ ይምጣ» አለ።

«ስሙ የኔ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ወደ እኔ እንኳ አላዩም።

ዝም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። ይኼ ነው ያንገበገበኝ፤ መዝገቡ ራሱ ለእኔ ዋሽቶልኛል።

«የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ማነው እሱ?» አለ ሄኖክ።

«እሱ አይደለም፣ እሷ ናት። የሺ እባላለሁ። ጳጉሜንን ነሐሴ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ማን ናት?»

«ፎቶ ኮፒ የማነሳው!» አልኩ እኔ ቀድሜ። «የኅትመቱን ትእዛዝ ያቃናሁትም እኔ ነኝ። የመዝገበ ቃላቱን ሁለተኛ ክፍል ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ባለፈው ጾም አንተ ‹ግሩም ነው› ብለህ የጻፍክለት ሥራ የኔ ነው።»

«ቆይ ቆይ፤ ያ ጠቦት፣ ግልገል፣ ሙክት፣ አውራ እያለ የበግ ስም የደረደረውስ?»

«የኔ ነው።»

«ሽማግሌ ነው ያልኩት እኮ!» አለ። ከኋላው አንዱ ሳቀ። ሄኖክ ግን ቶሎ ወደ ነገሩ ተመለሰ። «ጋሼ፣ አንድ ቁልፍ ለአንድ ሰው ነው። ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ማታ ቁልፉን አስረክባለሁ። መጀመሪያ በጓን እናስገባ። የሺ፣ ስም አውጪ።»

እዚያው ተቀምጬ በራሴ ስም ተመዘገብኩ። እንደ ማንም የመንገድ ሰው ከበሩ ውጭ ሆኜ ማረሚያዬን ላክሁ፤ ምክንያት «ጳጉሜንን ከነሐሴ ሆድ አወጣሁ» አልኩ። ሄኖክ መለሰብኝ። «ሆድ የሚለው ይውጣ፤ ማን እንዳስገባትም ይጻፍ።» ጋሼ ባርኖሳቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እንደገና ጻፍኩ፦ «በእኛ ቤት ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ወር አትባልም ነበር። ወር ናት። የሳትኩት እኔ፣ የሺ።» ይኼኛው አለፈ። ሄኖክ «አስገባ» የሚለውን ተጫነ።

መቆለፊያው መለሰለት፦ «ዛሬ በዓል ነው፤ ነገ ተመለሱ።»

እኔ ከጠዋቱ ጀምሮ ትዝ ብሎኝ ነበር። አንድ ሁለቴ አፌን ስከፍት ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አስቀርተውኛል።

«ጋሼ! መቆለፊያውን ያንሱት!»

«ማንሳትም ለውጥ ነው። ለውጥ በበዓል አይገባም።»

«የራስዎን መቆለፊያ?»

«በራሴ ላይ ካልጠበቀማ ምኑን መቆለፊያ ሆነው?»

ሄኖክ ሊያብድ ደረሰ። ሰርቨሩ ቀን የሚቀይረው በነጮቹ እኩለ ሌሊት ነው፤ ያኔ ደግሞ ትልቁ ፕሮጀክት ወስዶ ዘግቷል። በእሱ ስሌት በዓሉ እስኪያልፍ አማርኛ አልፏል። «አንድ ዘዴ ይኖርዎታል፤ እርስዎን አላጣዎትም፤ ፕሊስ ጋሼ!»

«ይኖረኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ነገር ማልልኝ። አንደኛ፣ እኔ ከበሩ ብነሳም መቆለፊያው አይነሳም። ሁለተኛ፣ ይቺ ልጅ እንዳንተው ቁልፍ ይሰጣታል፤ በስሟ።»

«ከዚያ ይከፈታል?»

«ትምላለህ?»

ከወዲያ መንሾካሾክ ሆነ። «እሺ፣ እምላለሁ።»

«በማን?»

«ኧረ ጋሼ!»

«በዛሬዋ። የዛሬ መሐላ አይታጠፍም።»

«በማርያም!»

«በሉ እንግዲህ ተነሱና እህል ቅመሱ» አሉ ጋሽ አውላቸው መነጽራቸውን እያወለቁ። «ጸሐይ ስትጠልቅ በራሱ ይከፈታል።»

ሄኖክ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ምን አሉ?»

«በእኛ አገር ቀን የሚያበቃው ሲመሽ ነው። መቆለፊያውን የጻፍኩት በአሥራ ሁለት ሰዓት ማታ እንዲነሳ ነው፤ ከጥንቱም። ቀጠሮህ እስኪደርስ ገና ብዙ ሰዓት አለህ።»

«ታዲያ ለምን አስማሉኝ?!»

«አንተ መቼ ይከፈታል ብለህ ሳትጠይቅ ለምን ማልክ?»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ፤ ሄኖክ አስገባ፤ ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ አረንጓዴ በራ። ስልኩ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። መዝገቡ ላይ «የሺ» ይላል። ጣቴን እስክሪኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ሞኝነት ነው፤ አሳረፍኩ።

ጋሼ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ስም ከበር ጠባቂዎች ዝርዝር አወጡ። ምክንያት፦ «ቁልፌን ለሁለት ሰው አዋልኩ። ደንቡ አይፈቅድም። ልጅቷ የተጠቀመችው እኔ ሰጥቻት ነው።» እንደ ልማዳቸው ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ማሽኑን በነጠላው ሸፈኑና «ብርድ ነው፣ ግቢ» አሉኝ።

ሌሊቱን ስቆጣ አደርኩ። በማግሥቱ ገና በሩን ሳይከፍቱ ደረስኩ።

«ለምንድነው ሁለት ዓመት በስምዎ ያሠሩኝ?»

«አልደረሰሽም ነበር።»

«ይዋሻሉ። ትናንት ሄኖክ በሁለተኛው አሳለፈኝ።»

ቁልፉን የበሩ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው ሳያዞሩት ቆሙ።

«ከአንቺ በፊት ሦስት ልጆች አስተምሬያለሁ» አሉ። «ሦስቱንም በስማቸው አስመዘገብኳቸው። ሥራቸው ታየ፤ ከአዲስ አበባ ተጠሩ፤ ሄዱ። ስም ያለው ሰው መሐል ሜዳ አይቀመጥም። አንቺን ደግሞ…»

«እኔን ደግሞ ምን?»

«ፎቶ ኮፒ የሚያነሳልኝ አጣለሁ ብዬ ነው።»

«ስሜን ሰረቁኝ!»

«አዎ» አሉ።

ምክንያት አልጨመሩበትም። ያን ሁሉ ምክንያት ሲያጽፉኝ የኖሩ ሰው ያችን አንዲት ቃል ብቻ ይዘው ቆሙ። ቁጣዬ የሚወርድበት ቦታ አጣ።

«አልሄድም!» አልኳቸው። «ልክ እንዳልሆኑ ላሳይዎት፣ አልሄድም!»

«ትሄጃለሽ።»

«እንወራረድ!»

«በሙክት?»

«በሙክት!»

በእልህ ተቀመጥኩ። በሩን ከሄኖክ ጋር ጠበቅሁ። ጋሼም እንደ ማንም ከውጭ ለውጥ ይልካሉ፤ እኔ አነባለሁ፤ ሲያጎድሉ እመልስባቸዋለሁ፤ እሳቸውም በአፍ ሳይሆን በማሽኑ ይከራከሩኛል፤ ሁለት እርምጃ ርቀን። ስሜ እዚያ ተሰቅሎ ይታያል። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ሥራ ሲመጣልኝ እምቢ አልኩ፤ ደብዳቤውን አሳየኋቸውና «አዩ?» አልኩ። ሁለተኛውንም እምቢ አልኩ። ሦስተኛው ሲመጣ አላሳየኋቸውም። ለራሴ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ዓመት ተኩል ቆየሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ግማሹን ያህል የቆየሁት በጉን ላለመስጠት ነው።

የሄድኩ ዕለት ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ መጡ። ባርኖሱን እስከ ጆሯቸው ተጠቅልለዋል። ረዳቱን «ይቺን ከፊት አስቀምጣት፤ ኋላ ካስቀመጥካት እስከ ደብረ ብርሃን ስትጨቀጭቅህ ነው የምትደርሰው» አሉት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል መጡና፣

«ሙክቴስ?» አሉኝ።

«እናቴ ጋ ነው፤ ሄደው ይቀበሉ። ጆሮው ላይ ምልክት አለው።»

«ስምሽ ነው?»

«የርስዎ ነው፤ ትናንት ነው ያስደረግሁበት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚኒባሱ ተነሳ። ከጎኑ ጥቂት እየሮጡ፣ ባርኖሱ እግራቸውን እያደናቀፋቸው፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ «ረታሁሽ! የሺ! ረታሁሽ!» ብለው ጮኹ።

የረታ ሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።